በመስተዋት የተሰቀለው ማስጠንቀቂያ

በጎባው ቤታችን ግድግዳ ላይ አራት ነገሮች ተሰቅለው ነበር። የእመቤታችን ሥዕል፣ የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ፣ የአባቴና የእናቴ የሠርግ ፎቶ፣ አራተኛው ደግሞ እኔ ከኮሌጅ ለመባረር አንድ ሐሙስ እንደቀረኝ የሚገልጽ ደብዳቤ። ከአራቱ በክፈፍ ያማረው ይኸኛው ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ ከቤታችን ሰው ሊያነበው የሚችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። አራት ክረምት ከሥሩ ተቀምጬ ምሳና ራት በልቻለሁ። አንድም ቀን የበላሁት በወጉ ሆዴ አልገባም።

ስለ ደብዳቤው ለመናገር ከአባቴ መጀመር አለብኝ፤ ወደ ቤታችን የሚመጣ ወረቀት ሁሉ በእሱ እጅ ነበርና የሚያልፈው። አባቴን አንቱ እያልኩ ነው ያደግሁት። እዚህ ላይ ግን እንደ እኩያዬ «እሱ» እያልኩ ልጻፍ። በሕይወት ሳለ ደፍሬ ያልቀረብኩትን አሁን በወረቀት ልቅረበው፤ ቢቆጣም ከእንግዲህ አልሰማውም።

አባቴ የጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ተላላኪ ነበር። የእሱ አባት ከሰሜን መጥቶ ባሌ የቀረ ወታደር ነው። አባቴ ግን ተወልዶ ያደገው ጎባ ስለሆነ፣ ሲጸልይ በአማርኛ፣ ሲቆጣ በኦሮምኛ ነበር። ዳዊት ደግሟል፤ አማርኛ ቀስ እያለ ያነባል፤ እንግሊዝኛ የሚባል ነገር አያውቅም። ከተማው ውስጥ ያለውን ደብዳቤ በእግሩ፣ የሮቤንና ከሮቤ ወዲያ ያለውን በመሥሪያ ቤቱ በቅሎ ያደርስ ነበር። በብብቱ ሥር አንድ ጥቁር መዝገብ አይለየውም። ደብዳቤ የተቀበለ ሁሉ እዚያ ላይ ይፈርማል። መጻፍ የማይችል አውራ ጣቱን ያሳርፋል። ሹም ይሁን ባለሱቅ፣ ወዳጅ ይሁን ባላንጣ፣ አባቴ ሳያስፈርም ከደጅ አይመለስም። እንዲያውም አንድ ጊዜ የእናቴ ወንድም ከዲንሾ በእሱ በኩል የላከላትን ወረቀት ሲሰጣት አስፈርሟት፣ ሳምንት ሙሉ ስታሾፍበት ከርማለች።

ከማስፈረሙ ሌላ አንድ ልማድ ነበረው። ምናልባት መልስ ይኖር እንደሆን ብሎ፣ ተቀባዩ አንብቦ እስኪጨርስ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ማታ ቤት ሲገባ ወሬ አያጣም። «ዛሬ ለእገሌ ሹመት ደረሰው» ይለናል። እናቴ «ምን ብለው ጻፉለት?» ስትለው፣ «እኔ ምን አውቄ፤ የታሸገ ነው። ፊቱ ግን ሹመት ነው» ይላታል። ወይ ደግሞ ካፖርቱን ይሰቅልና «ያ ሰውዬ ክፉ ወረቀት ደርሶታል፤ ነገ ሄደሽ ሚስቱን ጠይቂያት» ይላል። እናቴ ስትሄድ እውነትም ቤቱ ሐዘን ሆኖ ታገኘዋለች። እኛ ልጆቹ ይህን እንደ ቀልድ እናየው ነበር።

እኔ ጎባ ላይ አንደኛ የምወጣ ተማሪ ነበርኩ። ይህን የምናገረው ለኩራት አይደለም፤ ጉዱ ሁሉ የመጣው ከእሱ ስለሆነ ነው። ፈተናውን አልፌ አዲስ አበባ ወደሚገኝ ኮሌጅ ስሄድ መንግሥት ምግቤንም መኝታዬንም የኪስ ገንዘቤንም ቻለልኝ። እንዲያ ባይሆን የተላላኪ ልጅ ኮሌጅ ደጅ አይደርስም፤ አባቴ ቢራቆት እንኳ አይችለውም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከሬጅስትራር የመጣ አንድ ሰው አዳራሽ ሰብስቦን ደንቡን አነበበልን። ዕርዳታው የሚቀጥለው አማካይ ውጤታችን ከ«ሲ» እስካልወረደ ድረስ ነው። ከ«ሲ» የወረደ በማስጠንቀቂያ አንድ መንፈቅ ይሰጠዋል። በዚያ ካልተሻሻለ ምግቡም መኝታውም ይቆማል፤ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ይገባል። ሰውዬው ሲያነብ እኔ ዙሪያዬን እያየሁ «ከእነዚህ ውስጥ ምስኪኑ ማን ይሆን?» እያልኩ አዝን ነበር።

ምስኪኑ እኔ ነበርኩ። ከትልልቅ ከተማ ትምህርት ቤቶች የመጡት መምህሩ በእንግሊዝኛ ሲቀልድ አብረው ይስቃሉ፤ እኔ ቀልድ መሆኑን የማውቀው እነሱ ሲስቁ ነው። ደብተሬ ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ግማሽ ነበር፤ ግማሹን ስጽፍ መምህሩ ሌላ ይጀምራል። አጠገቤ የተቀመጠውን ልጅ «ምን አለ?» ብዬ ብጠይቀው ያበቃ ነበር። ግን ጎባ ላይ አንደኛ የወጣ ሰው እንዴት አድርጎ ይጠይቃል? አፍንጫዬን ነፍቼ ዝም አልኩ። ምግብ ቤት ውስጥ በልቼ እወጣለሁ፣ መኝታ ቤት ገብቼ ግድግዳ ዞሬ እተኛለሁ። ሳምንት ሙሉ ከ«እንደምን አደርክ» በቀር ከሰው ጋር ቃል ያልተለዋወጥኩበት ጊዜ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ሄጄ አንድ የከብት ነጋዴ በኛ አገር ኦሮምኛ ሲከራከር ሰማሁት። የአዳባ ወይ የዶዶላ ሰው መሆን አለበት። ሰላም ልለው አፈርኩ። ግን እግሬ አልመለስ አለኝና ድምፁን እየሰማሁ አንድ ሰፈር ሙሉ ተከተልኩት። በመጨረሻ ዘወር ብሎ ሌባ መስዬው መሰለኝ ዱላውን አጥብቆ ያዘ። እዚያ ላይ ቀረሁ። ወደ መኝታ ቤቴ ስመለስ መንገዱ ላይ አለቀስኩ፤ ዛሬ መናገሩ አያሳፍረኝም።

የዓመቱ መጨረሻ ላይ ውጤቴን አይቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሁለት ቀን ሙሉ፣ ሻሸመኔን አልፈን፣ ዶዶላን አልፈን፣ ዲንሾ ላይ ጉም ውስጥ ስንገባ፣ የማስበው አንድ ነገር ነበር፦ ለአባቴ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? ቤት ስደርስ እናቴ ከሪራ መንደር የመጣ ማር አስቀምጣልኝ ጠበቀችኝ። አባቴ «ትምህርት እንዴት ነው?» አለኝ። «ደህና ነው» አልኩት። በዚያው ተዘጋ።

ሐምሌ ገባ። ያኔ የጎባ ፖስታ በአውሮፕላን ነበር የሚመጣው፤ ያውም ጉሙ ከፈቀደ። ድምፁ ከደመና በላይ ሲዞር ይሰማና አንዳንዴ ሳያርፍ ይመለሳል። ያን ቀን አረፈ። እኩለ ቀን ላይ አባቴ ካፖርቱ በዝናብ ርሶ ገባና ከመዝገቡ መሐል አንድ ፖስታ አወጣ። ስሜ እስከ አያቴ በታይፕ ተመትቷል፤ ጥጉ ላይ የኮሌጁ ማኅተም አለ።

«ላንተ ነው» አለኝ።

ከፈትኩት። ሦስት አንቀጽ ነበር። አማካይ ውጤትህ ከሚፈለገው በታች መሆኑን ስንገልጽልህ እናዝናለን፤ የምታገኘው ዕርዳታ ለአንድ መንፈቅ በማስጠንቀቂያ ይቀጥላል፤ በዚህ ጊዜ ካልተሻሻልክ ዕርዳታው ተቋርጦ ትሰናበታለህ። እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች «ምን ይላል?» አለች። ማኅተሙን እያየች ዓይኗ ፈክቷል። እኔ ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ያመሰግኑኛል» አልኳት። «በርታ ይላሉ» ብዬም ጨመርኩበት።

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤቱ በዝናብ ነጠላውን ተከናንቦ ወጣ። አባቴ እንደ ልማዱ መዝገቡን በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እስክጨርስ ጠበቀ፤ ከጨረስኩም በኋላ ትንሽ ቆየ። ከዚያ መዝገቡን ሳይከፍት ካፖርቱ ውስጥ ከተተና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሚስቱን ያስፈረመ ሰው እኔን አላስፈረመኝም። ደስታ አስረስቶት ነው ብዬ አሰብኩ።

ይሰቀል ያለችው እናቴ ናት። አባቴ ወረቀቱን በክር ለክቶ አናጢ ዘንድ ወሰደው፤ ከሁለት ቀን በኋላ መስተዋት ለብሶ መጣ። ሚስማሩን በጣቶቹ መሐል ይዞ፣ መዶሻውን አንስቶ፣ ወደ እኔ ዞረ።

«እናትህ ይሰቀል ትላለች። አንተስ ምን ትላለህ? ልስቀለው?»

«ይስቀሉት» አልኩ።

«ይሰቀል?»

«አዎ፣ አባባ።»

ወደ ግድግዳው ዞሮ መታው። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ሚስማሩ በሁለት ምት ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት ለሌላው ቀልድ ነው፤ ለእኔ ግን እንደ እሬት የመረረ ነበር። ሰው ደብዳቤውን ለማየት ይመጣል። አንዲት ባልቴት ማኅተሙ የቤተ ክህነት መስሏት መስተዋቱን ተሳለመችው። እናቴ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ አንብብላቸው፤ በእንግሊዝኛው ይስሙት» ትለኛለች። እኔም እነሣና፣ ሁለት እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ መባረሬ እየቀረበ መሆኑን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ። «እናዝናለን» የሚለው ጋ ስደርስ አንገታቸውን እየነቀነቁ ያደንቃሉ። «አቤት፣ እንዴት ይፈስለታል!» ይላሉ። ቀጥዬ አማርኛውን ከራሴ ፈጥሬ እነግራቸዋለሁ፤ በየጊዜው ምስጋናው እየረዘመ ሄደ። አባቴ እኔ ማንበብ ስጀምር ሁልጊዜ በቅሎዋን አይቼ ልምጣ ብሎ ይወጣ ነበር። ትሕትና ነው አልኩ፤ የልጁን ውዳሴ ቁጭ ብሎ መስማት ያሳፍረዋል አልኩ።

የሐምሌ ገብርኤል ለት እናቴ ለበዓሉ ከጠራቻቸው መሐል ከሌላ ጠቅላይ ግዛት ተመድቦ የመጣ ድሬሰር ነበር። ሆስፒታል ነው የሚሠራው፤ ብቸኛ ነው ብላ አዝናለት ነው የጠራችው። እንግሊዝኛ እንደሚያውቅ ትዝ ያለኝ ከግድግዳው ሥር ሲቆም ነው። አባቴ በሩ አጠገብ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጦ ነበር። ሰውዬው ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ እንደገና ከላይ ጀመረ። እናቴ በኩራት «እንዴት ነው?» አለችው። ድሬሰሩ ወደ እኔ አየ፣ ወደ እሷ አየ።

«ጥሩ ወረቀት ላይ ነው የጻፉት» አለ።

ሲወጣ ልሸኘው ተከተልኩት። በሩ ላይ ቆመና ባርኔጣውን እያስተካከለ «አንድ መንፈቅ ነው የሰጡህ አይደል?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። «እዚያ የሚረዳህ ሰው አለ?» አለኝ። «የለም» አልኩት። «ጠይቅ» አለኝ። «እኔ ሳልጠይቅ ነው የቀረሁት። ሐኪም ልሆን ነበር» አለና በጭቃው መሐል ሄደ። ዓለም ላይ የእኔን ጉድ የሚያውቅ አንድ ሰው ተገኘ ብዬ ሰንብቼ ልጠይቀው ፈለግሁ። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ ደጃችንን አልረገጠም፤ መንገድ ላይ ሲያየኝም አንገቱን ደፍቶ ያልፍ ነበር። እናቴ «ምን አስቀየምነው?» እያለች ክረምቱን ሙሉ ተጨነቀች።

በዚያ ክረምት ጠዋት ጠዋት መጽሐፎቼን በላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም እሄድ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማም። ከታች የቶጎና ወንዝ ሞልቶ ይጮሃል። ያቺን ግማሽ ግማሽ ዓረፍተ ነገር የሞላባትን ደብተር ዘርግቼ ጎዶሎውን በግምት እየሞላሁ እቀመጣለሁ። የሚያልፉ ቄስ «ኮሌጅ የገባም ያጠናል እንዴ?» አሉኝ። እንደዚያ ያለ ብቸኝነት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላውቅም። አዲስ አበባ ሳለሁ የማያውቁኝ ሰዎች መሐል ነበርኩ፤ እዚህ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያውቀው እኔ ያልሆንኩትን ሰው ነው።

መስከረም ተመለስኩ። ድሬሰሩ ያለኝን አደረግሁ። አጠገቤ የሚቀመጠውን ልጅ «ምን አለ?» አልኩት። ጆሮዬ እስኪግል አፍሬ ነበር፤ እሱ ግን ሳይገረም ደብተሩን ገፋ አደረገልኝ። ይህን ያህል ነበር ነገሩ። አንድ ዓመት ሙሉ የታነቅሁበት ነገር አንድ ልጅ ክርኑን አንስቶ ደብተሩን እስኪገፋ ድረስ የሚወስደውን ጊዜ ብቻ ነው የፈጀው። መንፈቁ ሲያልቅ የሚሰናበቱት ስም በሬጅስትራር መስኮት ላይ ተለጠፈ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የእኔ ስም የለበትም። ከዚህ ሌላ ምንም አልተባለም። ለወደቀ ማኅተም ያለው ወረቀት ይጻፋል፤ ላለፈ ማንም አይጽፍም። የምሥራቹን የምነግረው ሰው አጣሁ፤ መዳኔን ለመናገር መጥፋቴን መናገር ነበረብኝ። ብቻዬን ወደ ከተማ ወጥቼ አንድ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ።

በሁለተኛው ክረምት ጎባ ስገባ ከክፈፉ ጎን አንድ ባዶ ሚስማር ተመትቶ አየሁ። እናቴ ናት ያስመታችው፤ የዘንድሮው ደብዳቤ ሲመጣ የሚሰቀልበት ነው። ሐምሌ ገባ፤ አውሮፕላኑ እያረፈም እየተመለሰም ከረመ። አባቴ አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር ከሥራ ሲገባ ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ «ዛሬም ላንተ የመጣ የለም» ይለኛል። ከዚያ እጁን ታጥቦ ይቀመጥና በደንብ ይበላል። ቅር ብሎት እንኳ እንዴት ይበላል እያልኩ አንጀቴን ይበላኝ ነበር። እናቴ ግን አልቻለችም።

«አምና ያመሰገኑህ ሰዎች ዘንድሮ ምን ሆኑ?» አለችኝ አንድ ቀን። «አጠፋህባቸው እንዴ?»

«ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል፣ እምዬ።»

«አንድ ወረቀት ለመጻፍ?»

አባቴ ከጎን «ተይው» አላት። «ካልጻፉ ደህና ነው ማለት ነው።»

ይህን ቃል ሰምቼ አሳለፍኩት። ያኔ ጆሮ የነበረኝ ለራሴ ፍርሃት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ክረምትም እንዲሁ አለፈ። ባዶው ሚስማር ዝገት ጀመረው። ውጤቴ እየተሻሻለ ሄዶ ነበር፤ እናቴ ግን ለጎረቤት ስለ እኔ የምታወራው እየቀነሰ መጣ። እንግዳ ሲመጣ «አንብብላቸው» ማለቷን ተወች። አንድ ጊዜ በሌላ ክፍል ሆና «ልጄ ድሮ ጎበዝ ነበር» ስትል ሰማኋት። ድሮ ያለችው ልባረር የነበርኩበትን ጊዜ ነው። ወጥቼ እውነቱን ልነግራት እግሬ ተነሥቶ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ አባቴ በዚያ በኩል ቆሞ አየኝ። ቀና ብሎ ጠበቀኝ። «ውኃ ልጠጣ ነው» ብዬ አለፍኩ።

በአራተኛው ክረምት ዲፕሎማዬን ይዤ መጣሁ። አባቴ ጡረታ ወጥቷል፤ መዝገቡን ለሌላ ተላላኪ አስረክቦ ብብቱ ባዶ ቀርቷል። ዲፕሎማው በባዶው ሚስማር ላይ ተሰቀለ። እናቴ ደስ አላት፤ ሆኖም መስተዋቱን ስትወለውል መጀመሪያ የምታነሳው ያንን የድሮውን ነበር። ማኅተሙ ይበልጣል ትላለች። እኔ በወሩ መጨረሻ ወደ ተመደብኩበት አገር መሄዴ ነው። ያንን ወረቀት እዚያ ትቼው ልሄድ አልቻልኩም፤ አውርጄም ልወስደው አልቻልኩም።

አባቴ ሥራ ከለቀቀ በኋላም በሳምንት አንድ ቀን ወደ ሮቤ በእግሩ ይሄድ ነበር፤ ለምንም አይደለም፣ እግሩ ስለለመደ ነው። አንድ ጠዋት አብሬው ወጣሁ። ሦስት ሰዓት ያህል የሚያስኬድ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ገብስ ነው። ዝናብ አቁሞ ነበር። ከጎባ ወጥተን ቤቶቹ ሲያልቁ ሌላ ማዘግያ አጣሁ።

«አባባ፣ ያ ደብዳቤ ምስጋና አልነበረም» አልኩት።

እርምጃውን አልቀነሰም። «አውቃለሁ» አለኝ።

ቆምኩ። እሱ ትንሽ ሄዶ፣ አለመከተሌን አይቶ፣ ዞረ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ደብዳቤ ሳደርስ ኖርኩ» አለ። «የታሸገውን የማነበው ከሰው ፊት ላይ ነው። ያን ቀን ስታነበው አየሁህ። በኋላም ድሬሰሩ ሲያነበው አየሁት።»

«ታዲያ ለምን ሰቀሉት?»

«ልስቀለው ወይ ብዬ ጠየቅሁህ። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁህ» አለ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። «እናትህ እልል ብላ ጎረቤት ሰብስባለች። አንተ ይስቀሉት አልክ። እኔ ምን ላድርግ? ደብዳቤ ካደረስኩ በኋላ ቆሜ መጠበቅ ነው ሥራዬ። አላስፈረምኩህም እኮ። ያልተፈረመበት ደብዳቤ ገና አልደረሰም። የምትነግረኝ ቀን ትፈርማለህ ብዬ ተውኩት።»

አራት ክረምት መሆኑ ነው። «ዛሬም ላንተ የመጣ የለም» እያለ በደንብ የሚበላው፣ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ባለመምጣቱ ነበር። በቅሎዋን አይቼ ልምጣ የሚለው፣ ስዋሽ ላለመስማት ነበር። በዚያች በር ላይ ቀና ብሎ የጠበቀኝም ለዚሁ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ሲመጣብኝ «ብቻዬን ነበርኩ፣ አባባ» አልኩት። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

«እኔስ ከማን ጋር ነበርኩ?» አለኝ።

ተራምጄ ደረስኩበት። እንደገና መሄድ ጀመርን። ትንሽ እንደሄድን «እስቲ አሁን ንገረኝ፤ ምን ይል ነበር?» አለ። በቃሌ አውቀው የለ፤ ሦስቱንም አንቀጽ አንድ በአንድ ወደ አማርኛ መለስኩለት። ምንም አላስቀረሁም፤ ምንም አልጨመርኩም። «እናዝናለን» የሚለውን ስነግረው «እንዲህ ብለው ጀመሩት?» አለና ራሱን ነቀነቀ። ስጨርስ «አንድ መንፈቅ ብቻ?» አለ። «አንድ መንፈቅ ብቻ» አልኩት። አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ጭቃ ነበርና ክንዴን ያዘኝ፤ ጭቃው ካለቀ በኋላም አልለቀቀኝም።

ሮቤ ስንገባ ገበያው ሞልቷል። ቅቤ የምትሸጥ አንዲት የድሮ ደንበኛው ከሩቅ አይታው «ኦቦ፣ አካም ጅርቱ?» ብላ ሰላም አለችው። ተሳሳሙ፣ ስለ ከብቱም ስለ ልጁም ስለ ዝናቡም ተጠያየቁ። ከዚያ ወደ እኔ ጠቁማ «ኩን ኤኙ?» አለች፤ ይህ ማነው ማለቷ ነው።

አባቴ ካፖርቱን አስተካከለ። እናቴ ለእንግዳ ስለ እኔ ስታወራ አንድም ቀን ያልተነፈሰው ሰውዬ፣ በገበያው መሐል፣ ድምፁን ሳይቀንስ በኦሮምኛ መለሰላት።

«ልጄ ነው» አላት። «ኮሌጁ ሊያባርረው ነበር። ማስጠንቀቂያ ጽፈውለት ነበር። ተምሮ ጨረሰ።»

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ቅቤ የነካ እጇን ዘርግታ ጉንጬን ያዘችና «ጀባዱ» አለችኝ። በርታ ማለት ነው። ደብዳቤው የመጣ ቀን እናቴ ፊት «እንዲህ ይላል» ብዬ የዋሸሁት ቃል ይኸው ነበር።